የረሺዳ ትንሽ ሳህን

አል-ጣኢፍ፣ ካርቱም
ሰኔ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመምህር ከቢር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እንደምን ሰነበቱ አባዬ? ጆሮዎስ? ሰልሰቢል በስልክ «አሁንማ አዛን መባሉን የሚያውቀው ሰው ሲነሣ አይቶ ነው» ስትለኝ ሳቅኩ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከፋኝ። እህቴን እንደ ልቤ እያወራኋት እርስዎን በወረቀት ብቻ ማግኘቴ ይከብደኛል። ቢሆንም የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ከሰሌዳ ፊት ቆመው የሚያስተምሩ ይመስለኛል።

መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። አብዱልወሃብ ደብዳቤዎን እንዳደረሰኝ ወዲያው ጽፌ ነበር። እሱ ኦምዱርማን ገበያ ሸቀጡን ሲገዛ ሰነበተ፤ እኔ ደብዳቤውን ይዤ ወንዙን ልሻገር ባልኩበት ቀን ሰልፍ ነበርና ድልድዩ ተዘጋ። ሳላገኘው ወደ መተማ ሄደ። ይኸው አሁን ተመልሶ ሲመጣ እንደ አዲስ ጻፍኩት።

የጠየቁኝን በየተራ ልመልስ። የለም፣ ቤት አልቀየርኩም። ያው ሐጃ ሉጥፊያ ዘንድ ነኝ፤ ስምንት ዓመቴ ነው። ሴትዮዋ አይበድሉኝም። አንዳንዴ ይቆጣሉ፤ ቁጣቸው ግን እንደ እርስዎ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ያገኘውን ሰው ሁሉ ተማሪ ያደርጋል።

አብዱልወሃብ እጄ ላይ ያየው ፋሻ ሾርባ ፈስሶብኝ ነው። ደረጃ ስወጣ እግሬ ስቶኝ። ድኗል፤ የቀረው የአውራ ጣት ያህል ጠባሳ ነው።

ፎቶ ለምን እንደማልልክ ሲጠይቁኝ ይህ ሦስተኛዎ ነው። የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል። የዛሬ አራት ዓመት የላክሁልዎን፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠመጠሙትን ቢጫ ቶብ ለብሼ የተነሣሁትን ይዩት። እኔ ያው እኔ ነኝ።

በደንብ ትበያለሽ ወይ ላሉኝም፣ እበላለሁ። በዚህ ቤት ምግብ ጎድሎ አያውቅም።

በዱዓዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ ረሺዳ


ሐይቅ
ሐምሌ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ ረሺዳ፣

ወዓለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ዓረፋን በደኅና ዋልን። ያንቺ ቦታ ባዶ ነበር፤ ሰልሰቢል ሳታውቀው ያንቺንም ብርጭቆ አቀረበች።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ እንደ አባት፣ ቀጥሎ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ እንደ መምህር። እንደ አባት ደስ አለኝ። እንደ መምህር ግን ወረቀቱ ቀላ።

«እግሬ ስቶኝ» ብለሻል። አብዱልወሃብን ቤቴ አስቀምጬ ጠየቅሁት። የሚለውን ስለማልሰማ እንዲጽፍልኝ ወረቀት ሰጠሁት። እሱ ሲያወራ አያልቅበትም፤ መጻፍ ግን ስለሚታክተው አሳጥሮ እውነቱን አወጣው። እንዲህ ይላል፦ «ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው። ፊቷ አመድ መስሏል። ከስታለች።» ይህን ወረቀት አጥፌ በደረት ኪሴ ይዤዋለሁ።

ያንን የቢጫ ልብስ ፎቶ ለማን ያላሳየሁት አለ? «የከቢር ልጅ ደልቷታል» እየተባለ ስንት ጊዜ ተመርቄበታለሁ። አረብ አገር የሄደች ልጅ ከሳች ሲባል ግን ምን ማለት እንደሆነ ይህ ከተማ ያውቃል። ከስተው የተመለሱትን አይተናል። ያልተመለሱትንም ቀብረናል።

እንግዲህ በቀጥታ እጠይቅሻለሁ። ምግብ ይከለክሉሻል? ታመሻል? ወይስ ያስከፋሽ ሰው አለ? አንዱን መርጠሽ መልሺ። «መልሱ አልተሰጠም» የሚል ምርጫ አላስቀመጥሁም።

እናትሽ በሕይወት ብትኖር ይህን የምትጠይቅሽ እሷ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ማታለል አትችይም ነበር። እኔን ማታለል ይቀላል ብለሽ ከሆነ፣ የደነቆረው ጆሮዬ ብቻ ነው።

አባትሽ ከቢር


አል-ጣኢፍ፣ ካርቱም
ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

አባዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ምርጫዎ ውስጥ መልሴ የለም። ሦስቱም አይደሉም። ይቆጡ እንደሆነ ይቆጡ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ካሜራዬ አልተበላሸም። ፎቶ ያልላክሁት በጣም ወፍሬ ስለነበር ነው።

ቢጫውን ቶብ የለበስኩ ጊዜ ሰባ አራት ኪሎ ነበርኩ። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ዘጠና ስድስት ገባሁ። እርስዎና የሐይቅ ሰው ይህን «ደላት» ትሉታላችሁ። እኔን ግን አልደላኝም። የሐጃ ቤት ሁለት ፎቅ ነው፣ በላዩ ልብስ የምናሰጣበት ጣሪያ አለ። በቀን ዐሥር ጊዜ እወጣለሁ። ጉልበቴ መንቋቋት ጀመረ። ስሰግድ ከሱጁድ የምነሣው ግድግዳ ይዤ ሆነ። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ሄጄ ስመረመር ሐኪሙ «ስኳርሽ ድንበሩ ላይ ደርሷል፤ ክብደት ካልቀነስሽ ይሻገራል» አለኝ። በዚህ ጉልበት ላይ ስኳር ሲጨመር ማን በሥራ ያቆየኛል?

እንዴት ወፈርሽ ይሉኝ ይሆናል። እዚህ እንግዳ ሲመጣ ሲኒያ በሚሉት ትልቅ ትሪ ላይ እንጀራ የሚመስለው ኪስራ፣ ወጡ፣ ሥጋው፣ ሰላጣው ተደርድሮ ይቀርባል። ከበው ይበሉና ግማሹን ትተው ይነሣሉ። ትሪው ወደ ወጥ ቤት፣ ወደ እኔ ይመለሳል። እርስዎ እንዴት እንዳሳደጉን ያውቃሉ። ሳህን ላይ ምግብ ትተን ተነሥተን አናውቅም። «ጨርሺ» ነበር ቃልዎ። ጮኸው አልተናገሩትም፤ ግን ማናችንም አናልፈውም። እኔም የራሴን ምሳ በልቼ ካበቃሁ በኋላ፣ ሳይርበኝ፣ ቆሜ፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ያን ትሪ እጨርሰዋለሁ። ምግብ መጣል ሐራም ነው እያልኩ ስምንት ዓመት ሙሉ ወደ ሆዴ ስጥለው ኖርኩ።

ከሐኪሙ ወጥቼ ለጓደኛዬ ለቤቲ ነገርኳት። ጸጉር ሠሪ ናት፤ ያላወቀችው ነገር የለም። «እኔ በአንድ ወር ዐሥር ኪሎ ጥያለሁ» አለችኝ። ዳቦ የለም፣ ኪስራ የለም፣ ሥጋ የለም። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ቀን ኪያር፣ ማታ አንድ ኩባያ እርጎ። ዐሥራ አንድ ቀን ያዝኩት። የሌላ ሰው ምግብ እየሠራሁ፣ ሽታው እያዞረኝ። በዐሥራ አንደኛው ቀን የሐጃን ሾርባ ይዤ ደረጃውን ስወጣ ግድግዳው ወደ እኔ መጣ። ከዚያ የማስታውሰው ሐጃ ሉጥፊያ በሰባ ዓመታቸው መሬት ላይ ተንበርክከው ስኳር ውኃ ሲያጠጡኝ ነው። አብዱልወሃብ ያየኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደ ጉድ በላሁ። የወረደው ሁሉ ተመለሰ፤ በላዩም አንድ ኪሎ ጨመርኩ።

«ያላ፣ ልበሽ» ብለው ወደ ክሊኒኩ የመለሱኝ ሐጃ ራሳቸው ናቸው። በዚያ ኤደን የምትባል የጎንደር ልጅ አለች፣ ነርስ ናት። ቀጭን ድምፅ አላት፤ ግን ታዛለች።

«ምን ምን አቁመሽ ነበር?» አለችኝ።

«ሁሉንም።»

«እኔ ምንም አላስቆምሽም። ኪስራ ትወጃለሽ? ብዪ። ሥጋ? ብዪ። የምትበዪበትን ሳህን ግን አምጥተሽ አሳዪኝ።»

በሳምንቱ ሳህኔን በፌስታል ይዤ ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ስታየው ሳቀች። «ይሄ ሳህን አይደለም እህቴ፣ ልብስ ማጠቢያ ነው።» የሻይ ዳቦ የሚቀርብበትን የሚያህል ትንሽ ሳህን አወጣች። «ግማሹን አትክልት ሙዪው። ኪስራ ወይ ሩዝ የጡጫሽን ያህል። ሥጋ ወይ ባቄላ የመዳፍሽን ያህል። ቆመሽ እንዳትበዪ። ስትጨርሺ ሌላ ካማረሽ ትንሽ ቆዪና ሆድሽን ጠይቂው።»

«ሳልጨርስ መተው አልችልም» አልኳት። «አባቴ እንዲያ አላሳደገኝም።»

«ማን ተዪ አለሽ? ትንሽ አቅርቢና ጨርሺ።»

አባዬ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ እሷም አልገባትም። የእርስዎን ቃል ሳላፈርስ መዳን እንደምችል ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

አሁን ትሪው ሲመለስ የተረፈውን ሳልቀምስ በዕቃ አድርጌ መንገዱ ጥግ ሻይ ለምትሸጠው ሴት እሰጣታለሁ። ስድስት ልጆች አሏት። ምግቡ አይጣልም፤ የእኔን ሆድ ብቻ አይጠብቅም። ሻዬ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ነበር፣ በየሳምንቱ እያጎደልኩ አንድ ላይ ደርሻለሁ። የሚርበኝ ቀን አለ፣ አልዋሽም። ያን ጊዜ ጥቂት ጨምሬ እበላለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም። ዛሬ ዘጠና ሁለት ኪሎ ነኝ። ቀስ ያለ ነው፤ ግን ደረጃውን ወጥቼ ስደርስ ትንፋሽ ይተርፈኛል።

የከሳሁት ተርቤ አይደለም። ይመኑኝ፣ ጠግቤ ነው የምነሣው።

ልጅዎ ረሺዳ


ሐይቅ
መስከረም 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ረሺዳ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ጉልበትሽ ያልሽውን አምኛለሁ። ስለ ደረጃውም፣ ስለ ሾርባውም። ያን የመሰለ ነገር ደብቀሽ «እግሬ ስቶኝ» ማለትሽን ይቅር ብያለሁ።

የመጨረሻውን መስመር ግን አላምንም። ከጎሕ እስከ ማታ የምትሠራ ሴት በአንድ ጡጫ ኪስራ አትጠግብም። ሰው እንዲህ የሚለው የሚበላው ስለሌለው ነው። ለምን እንዲህ እንደምል አትጠይቂኝ።

ነርሷ መልካም ልጅ ትሆናለች። ሴትዮዋንም አላውቃትም። እኔ የማውቀው፣ በሰው ቤት ያለች ልጄ ከወራት በፊት በረሃብ መውደቋን፣ አሁን ደግሞ በትንሽ ሳህን መብላቷን ነው። አንቺ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያየሽው ልዩነት ለእኔ አይታየኝም።

ከዚህ ጋር የታሸገ ደብዳቤ ለአሠሪሽ ጽፌያለሁ። ዓረብኛዬ ከቁርአን ቤት ስለማያልፍ በአማርኛ ነው። ሳትቀንሺ፣ ሳታለሰልሺ ተርጉመሽ አንብቢላት።

በጥቅምት ውስጥ ጠቅልለሽ ነይ። ካልመጣሽ እኔም ከዚህ ወዲያ ብዕር አላነሣም።

አባትሽ


አል-ጣኢፍ፣ ካርቱም
ጥቅምት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ። ጥቅምት እያለቀ ነው፤ እኔም አልመጣሁም። ሰልሰቢልን «ምን ይላል?» ስላት «ምንም አይልም፣ መንገዱን ያያል» አለችኝ። ያን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህን ሳይከፍቱ አይጣሉት።

ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው። ሐጃ ከዐሥር ሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። «የአባቴ ነው፣ ለእርስዎ የተጻፈ» ስላቸው መነጽራቸውን አድርገው ፊደሉን አዩና «ሱብሓነላህ፣ እንዴት ያምራል» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝ። «አንብቢ።»

አነበብኩ። «ሰው ለሥራ ሲቀጠር ሆዱ አብሮ አይቀጠርም» ያሉትን ሳልቀንስ ተረጎምኩት። «አንቺም እንደ እኔ መምህር ከነበርሽ፣ ፊትሽ የተቀመጠ ልጅ ሲጠወልግ እንዴት ሳታዪ ቀረሽ?» የሚለው ጋ ስደርስ ልዘለው አሰብኩ። ሴትዮዋ አርባ ዓመት ፈተና ሲያርሙ የኖሩ ናቸው፤ ዓይኔን አይተው ያዙኝ።

«አትዝለዪ» አሉኝ።

አልዘለልኩም። ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ልጄ ባሕረ ሰላጤ ከሄደ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ለአሠሪው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። መጻፍ እንደሚቻልም አላሰብኩም።»

«ሐጃ፣ አባቴ እርስዎን ስለማያውቁዎት ነው እንጂ…»

«አይ፣ አታለሳልሺው። መልሴን ጻፊላቸው። ዐሥራ አንድ ቀን አጠገቤ ስትራቢ አላየሁም። በልቼ ሳህኔን ስሰጥሽ አንቺ በልተሽ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለዚህ አፉ ይበሉኝ በያቸው። ነገር ግን ሰው በደብዳቤ አይመዘንም። ወይ መጥተው ይዩሽ፣ ወይ ሄደሽ ይዩሽ።»

ቃላቸው ይኸው ነው፤ አንድ አልጨመርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ሲደርስ «ያላ ረሺዳ፣ ሳህንሽን ይዘሽ ነይ» ይሉኛል። ከእሳቸው ጋር ገበታ ላይ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ አፍሬ አንገቴ አልቀና አለኝ፤ አሁን ለምጄዋለሁ። እሳቸውም ለራሳቸው ትንሽ ሳህን አስመጡ። «ደም ግፊቴ ያንቺን ሳህን ወዶታል» ይላሉ።

ሁሉ ነገር አማረልኝ አልልዎትም። ባለፈው ሳምንት ኦምዱርማን ሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ትሪ በትሪ ላይ ነው። ዘፈኑ፣ ጭፈራው፣ ሴቶቹ «ብዪ እንጂ» ሲሉኝ፣ ቆሜ እስከሚያመኝ በላሁ። በማግስቱ በጣም አፈርኩ፤ ወደዚያ ወደ ሎሚ ውኃዬ ልመለስ ሎሚ ሁሉ ቆርጬ ነበር። ለኤደን ደወልኩላት። «የአንድ ቀን ምሳ ነው፣ ወንጀል አልሠራሽም። ዛሬ እንደ ወትሮሽ ቁርስሽን ብዪ» ብላ ስልኩን ዘጋችው፤ ሥራ ላይ ነበረች። ቁርሴን በላሁ። ሎሚውን ሰላጣ ላይ ጨመቅኩት።

አባዬ፣ ጠቅልዬ አልመጣም። ስምንት ዓመት ሠርቼ የገነባሁት ኑሮ ነው። ግን እርስዎን ዝም አሰኝቼም መኖር አልችልም። ስለዚህ ሐጃን ፈቃድ ጠይቄ ሰጥተውኛል፤ ታኅሣሥ ላይ ለሦስት ሳምንት እመጣለሁ። በአብዱልወሃብ መኪና እስከ መተማ፣ ከዚያ በጎንደር በኩል። ይዩኝ። ስበላ ይዩኝ፣ ስሠራ ይዩኝ። ካዩኝ በኋላ «ቅሪ» ካሉኝ ወላሂ እቀራለሁ፤ አልከራከርዎትም። ብቻ አይተው ይወስኑ።

ልጅዎ ረሺዳ


ሐይቅ
ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ረሺዳ፣

ነይ።

በጉን ገዝቻለሁ። ይህ አንቺን አይመለከትም፤ የእኔና የሰልሰቢል ጉዳይ ነው።

ከጎንደር ወዲህ ያለው መንገድ ይበርዳል፤ ጋቢ ያዢ።

አባትሽ


ሐይቅ
ጥር 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ረሺዳ፣

ወዓለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

በደኅና መግባትሽን ሰልሰቢል በዚያው ቀን ነገረችኝ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ሐጃ ሉጥፊያ ላኩልኝ ያልሽው መነጽር ዓይኔን በልክ ገጥሞታል፤ ይህን የምጽፈው እሱን አድርጌ ነው። ለእሳቸው የምጽፈው ለብቻው አለ። ይቅርታ የምጠይቅበት ስለሆነ፣ ይህንንም ሳታለሰልሺ አንብቢላቸው።

በደብዳቤሽ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ለምን ተነሥተው ወጡ ብለሻል። እኔ ከወጣሁ በኋላ ጓዳ ገብተሽ ማልቀስሽን ሰልሰቢል ነግራኛለች። የተቆጣሁ መስሎሽ ነው። አልተቆጣሁም።

ሦስታችን ከበን ተቀምጠን ነበር። ከገበታው ላይ መዳፍ የምታህል እንጀራ ወደ ፊትሽ ሳብ አድርገሽ፣ ከሥጋውም ከጎመኑም ጥቂት አውጥተሽ፣ ረጋ ብለሽ በላሽ። እኔ ጉርሻሽን እቆጥር ነበር፤ ሳታውቂ አልቀረሽም። አንድ አጎረስሁሽ፣ ተቀበልሽኝ። ሁለተኛውን ሳነሣ እጄን ስመሽ ተናገርሽ። ከንፈርሽን አነበብሁት። «አባዬ፣ ጠግቤያለሁ።»

ይህን የምነግርሽ ለእናትሽም ነግሬያት ስለማላውቅ፣ ሳልናገረው እንዳልሞት ነው።

በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ማለቂያ ላይ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቆላው ደርቆ ሰው ሁሉ ወደ አስፋልቱ ይወጣ ነበር፤ መኪና ላይ ያለ ሰው አንዳንዴ ዳቦ ይወረውራል ይባል ነበርና። እኔና እናቴም ወጣን። ሌላ ሰው አልቀረንም። ሁለት ቀን መንገድ ዳር ተቀመጥን። በሁለተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አቁሞ ግማሽ ዳቦ ሰጠን። እናቴ ለሁለት ከፈለችው። የራሴን ወዲያው ጨረስሁ። የሷን ዘረጋችልኝ። «ብላ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» አለች።

ከምን ትጠግባለች? ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ያውቃል። አውቄ ነው የበላሁት። ስበላ ዓይኗ እጄ ላይ ነበር። ከእጄ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ እጄ ይመላለስ ነበር፤ ልትከለክለው ሞክራ አልቻለችም። በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ያን ቃል ሲናገር አላምንም። ራሴም ከአፌ አውጥቼው አላውቅም፤ ሲበቃኝ ሐምዱሊላህ ብዬ እነሣለሁ። እናንተን «ጨርሱ» እያልሁ ያሳደግኋችሁ ለምግቡ አዝኜ ይመስላችሁ ነበር። ለምግቡ አልነበረም። ሳህኑ ባዶ ከሆነ ማንም ለማንም ብሎ እንዳልተራበ አውቃለሁ ብዬ ነው። ያ ትምህርት ካርቱም ድረስ ተከትሎሽ ሄዶ ጉልበትሽን ይሰብራል ብዬ እንዴት ልገምት? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።

ከዚያ ምሳ በኋላ መቁጠሬን ተውሁና ዓይንሽን ማየት ጀመርሁ። በየቀኑ። አፍሽ ይናገር፤ ዓይንሽ ግን ወዴት ይሄዳል? ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሰልሰቢል የጎረቤታችንን የማዘንጊያን ፍየል ነገር ስታወራ፣ ፍየሏ መስጊድ ገብታ ኢማሙን ያባረረችውን፣ አንቺ ወደ እሷ ዞረሽ በሳቅ ትፈርሺ ነበር። እኔ ወሬውን አልሰማሁም፤ ሳቅሽን ነው የማየው። ጥብሱ ክርንሽ ሥር ነበር። እጅጌሽ ወጡን ነካው፣ አላወቅሽም። ምግብ መኖሩን ረስተሽው ነበር።

የራበው ሰው ፊቱ የተቀመጠ ምግብ አይረሳም ልጄ። ተኝቶም አይረሳው። ይህን ከሐይቅ ሰው ሁሉ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ያን ቀን አመንሁሽ። አብዱልወሃብ ሊወስድሽ ሲመጣ አፌን እየጠበቅሽ ቆመሽ እንደነበር አይቻለሁ። «ቅሪ» ያላልሁሽ ለዚህ ነው፤ ጨክኜ አይደለም። አብዱልወሃብ የጻፈልኝን ያን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጥቼዋለሁ። ምን እንደሆነ ጠፋበት፤ የሲጋራ መለኮሻ አደረገው።

እንግዲህ እንደ ፈቀድሽ ክሺ። ሰው «ልጅህ ከሳች» ሲለኝ «አዎ፣ ደረጃ በሩጫ ትወጣለች» እለዋለሁ።

ዛሬ ምሳ ሽሮ ነበር። በልቼ ሳበቃ ሰልሰቢል ልትጨምርልኝ ጭልፋዋን አነሣች። እጄን ሳህኑ ላይ አደረግሁና «ጠግቤያለሁ» አልኋት። ድምፄን እኔ አልሰማሁትም። እሷ ግን ሰምታ ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰችው፤ ምንም አልደነቃትም። ትንሽ ቁጭ አልሁ። ከዚያ ተነሥቼ እጄን ታጠብሁ።

አባትሽ ከቢር